ባሕር ዳር እንዴት መዲና ሆነች?

ለመንግሥት ሥራ ቅጥር ወይም ለማጠናቀቂያ ፈተና የሚዘጋጅ ሰው ስለ አማራ ክልል የሚያጠናቸው ነገሮች ይታወቃሉ። ዋና ከተማው ባሕር ዳር ነው፤ ዓባይ ከጣና ይወጣል፤ በሐይቁ ደሴቶች ላይ ጥንታዊ ገዳማት አሉ፤ ክልሉ በአዋጅ ቁጥር 7/1984 ተቋቋመ። እያንዳንዱ እውነት ነው፤ ተማሪው ግን ለየብቻ ስለሚይዛቸው አንዱ ከሌላው ጋር ምን እንዳገናኘው አይነገረውም። ጎንደር የሁለት መቶ ዓመት የነገሥታት ከተማ ነበረች። ደብረ ማርቆስ የጎጃም መናገሻ፣ ደሴ የወሎ ማዕከል ነበሩ። ታዲያ መዲናነቱ እንደ ከተማ ብዙ ዕድሜ ላልነበራት ለባሕር ዳር የወጣው ለምንድን ነው? ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው የ1984ቱ አዋጅ ባሕር ዳርን መዲና አላደረጋትም፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተሠራውን ሥራ አጸደቀ እንጂ፤ ያ ሥራም ከዓባይ ውኃ ጉዳይ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም ብሎ ነው። ዓመቶቹ ሌላ ምልክት ከሌለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ደሴቶቹ ከዳርቻው ሲቀድሙ፦ ከ13ኛው እስከ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን

በጣና ታሪክ መጀመሪያ የምናገኘው ከተማን ሳይሆን ከከተማ የሚሸሹ ሰዎችን ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ እግር ሥር የተማሩት አቡነ ኂሩተ አምላክ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዳጋ እስጢፋኖስን መሠረቱ። በተከታዩ መቶ ዓመት ክብራን ገብርኤልና ሌሎችም ተከተሉ። መነኮሳቱን ወደ ውኃው የሳባቸው በውኃው የሚገኘው ብቸኝነት ነበር፤ ዘራፊም ሆነ ሹም ያለ ታንኳ አይደርስባቸውም። ይኸው ምክንያት ደሴቶቹን የነገሥታት አደራ ቤት አደረጋቸው። የይኩኖ አምላክ፣ የዘርዓ ያዕቆብ፣ የፋሲለደስና የሌሎችም ነገሥታት አፅም ዳጋ ላይ ያረፈው፣ ብራናውና ዘውዱ በየዕቃ ቤቱ የተረፈው በዚህ የተነሣ ነው። ጣና ቂርቆስ ደግሞ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመግባቷ በፊት ለ800 ዓመታት ያረፈችበት ነው የሚለውን ትውፊት እስከ ዛሬ ጠብቆ ይኖራል።

ብዙ ጊዜ ባሕር ዳርን የፈጠሯት ገዳማቱ ናቸው ይባላል። ንግግሩ ለእንግዳ መቀበያ ያምራል፤ ከማስረጃው ጋር ግን አይስማማም። ገዳማቱ ሰው እንዲበዛባቸው አልፈለጉም። በክብራንና በዳጋ ሴት እንዳትገባ ደነገጉ፤ ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስን ከለከሉ፣ ባሕረ ገብ ምድሩም በቡናና በጥላ ዛፍ ተሸፍኖ ቀረ። ይህ ሥርዓት ለደን የዋለው ውለታ ታላቅ ነው፤ ለከተማ መስፋፋት ግን ተቃራኒ ነው። ገዳማቱ ለባሕር ዳር የሰጧት ክብርንና ስምን ነው። ሕዝብንና ገበያን ያመጣው ሌላ ኃይል ነው።

በዚያ ዘመን ዳርቻውን ከደሴት፣ ደሴትን ከዳርቻ ያገናኙ የነበሩት የወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። ታንኳውን ከደንገል የሚያስሩት፣ ውኃውን የሚያውቁት፣ ዓሣውን የሚያጠምዱት እነርሱ ነበሩ። መነኩሴውም፣ ታቦቱም፣ የንጉሡም አፅም የተሻገሩት በዚህ ሙያ በተሠራ ታንኳ ነው። ሆኖም ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ተገለሉ፤ በዜና መዋዕሉም ስማቸው እምብዛም አይነሣም። የሐይቁን ታሪክ ያለ እነርሱ መጻፍ ጉድለት ስለሆነ እዚህ ላይ መነሣት አለባቸው።

ዙፋን ወደ ጣና ሲጠጋ፦ 1535–1628

በ1535 ከጣና በስተ ምሥራቅ በወይና ደጋ በተደረገው ውጊያ ኢማም አሕመድ ሲወድቁ ኢትዮጵያ ከረጅም ጦርነት ወጣች፤ የወጣችው ግን እንደገባችው ሆና አይደለም። የሸዋና የደቡቡ ምድር ለነገሥታቱ እንደ ቀድሞው አልተመለሰም፣ የኦሮሞ መስፋፋትም የኃይል ሚዛኑን ለወጠ። ከውጭው ዓለም የሚያገናኘው በር ምጽዋ ነበርና ዙፋኑ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተሳበ። ሠርፀ ድንግል ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ በእንፍራዝ ተቀመጡ፤ ሱስንዮስ ደግሞ በሰሜኑ ዳርቻ በጎርጎራ፣ እንዲሁም በደንቀዝ ቤተ መንግሥት አሠሩ። ከአንድ ትውልድ በላይ የአገሪቱ ፖለቲካ በጣና ዙሪያ ዞረ።

በዚህ ወቅት የመጡት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን፣ ኢየሱሳውያን፣ ለሐይቁ ዳርቻ የድንጋይና የኖራ ሥራን አስተዋወቁ። ፔድሮ ፓኤዝ በ1610 ሰከላ ላይ ግሽ ዓባይን አይቶ ጻፈ። የዓባይ ምንጭ ከኢትዮጵያ ውጭ ባለ ዓለም በአንባቢ እጅ የገባው በዚህ መንገድ ነው፤ ኋላ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጄምስ ብሩስ እኔ ቀዳሚ ነኝ ማለቱ አይጸናም። በባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ የሚታየው ባለ ፎቅ የድንጋይ ግንብ የዚያ ዘመን ሥራ ነው ይባላል። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሥር ያለው የአላታ ድልድይም የዚሁ 17ኛ መቶ ክፍለ ዘመን ቅርስ ነው። ሱስንዮስ በ1614 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ ደም ካፋሰሰ ዐመፅ በኋላ በ1624 እምነቱን ለሕዝቡ መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስም በ1628 ጎንደርን ቆረቆሩ።

ይህ ለባሕር ዳር ዕጣ ወሳኝ ለውጥ ነበር። ዙፋኑ ከውኃው ዳር ተነሥቶ ወደ ደጋው ሲወጣ ደቡባዊው ዳርቻ ወደ ኋላ ቀረ። የወባ ንዳድ የሚፈራበት፣ ወንዝ የሚቆርጠው፣ ለሠራዊት የማይመች ቦታ ነበርና ጎንደር መመረጧ የሚገርም አይደለም።

የቆራጣ ዘመን፦ ከ1628 እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ

ቀጥሎ ባሉት ሁለት መቶ ተኩል ዓመታት ደሴቶቹ በጎንደር ነገሥታት ደጋፊነት አበቡ። እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት አጠገብ ናርጋ ሥላሴን አሠሩ፤ ሥዕሉና ሕንፃው የዚያን ዘመን ጥበብ ይመሰክራል። የዳርቻው ንግድ ግን ባሕር ዳር ላይ አልቆመም። የጎጃምን ማር፣ ቡናና ቆዳ ወደ ጎንደር የሚያሻግሩ ነጋዴዎች ያርፉባት የነበረችው ገበያ ከዛሬዋ ባሕር ዳር ሰሜን ምሥራቅ በሐይቁ ዳርቻ ያለችው ቆራጣ ነበረች። አፄ ቴዎድሮስ በ1858 ሠራዊታቸውን ዘጌ ላይ ሲያሰፍሩ የእንግሊዙን መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምን ያስቀመጡት ቆራጣ ነው። በዚያው ዓመት ኮሌራ በሠፈሩ ገብቶ ብዙ ሰው ፈጀ።

ዛሬ ቆራጣን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ይህ ራሱ የክርክሩ አንዱ ማስረጃ ነው። ሐይቅ ብቻውን ከተማን የሚያሳድግ ቢሆን ኖሮ ያደገችው በንግድ የቀደመችው ቆራጣ በሆነች። ባሕር ዳር ግን ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አፍ ላይ ተቀምጣለች። ያ አፍ ለቅፍለት ነጋዴ እንቅፋት ነበር፤ ለመሐንዲስ ግን ሀብት ነው። ዘመኑ ከነጋዴ ወደ መሐንዲስ ሲሻገር ዕድሉም ከቆራጣ ወደ ባሕር ዳር ተሻገረ።

ውኃው የዓለም ጉዳይ ሲሆን፦ 1894–1933

ሽግግሩ የተጀመረው ባሕር ዳርን አይተው በማያውቁ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ነው። ግብፅንና ሱዳንን የያዘችው እንግሊዝ ለጥጥ እርሻዋ የዓባይ ውኃ ያስፈልጋት ነበር። ግንቦት 1894 ከአፄ ምኒልክ ጋር በተፈረመው ውል ኢትዮጵያ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳትስማማ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያስቆም ሥራ እንደማትሠራ ተጻፈ። በ1918 ደግሞ እንግሊዝና ጣሊያን ደብዳቤ ተለዋውጠው አንዷ የጣናን ግድብ፣ ሌላዋ የባቡር መንገድን ለማግኘት እርስ በርስ ለመደጋገፍ ተስማሙ። ባለአገሩን ማንም አልጠየቀውም። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጉዳዩን ለመንግሥታት ማኅበር አቅርበው በአደባባይ ተቃወሙ፤ በኅዳር 1920ም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ኒውዮርክ ሄደው የጄ. ጂ. ዋይት ኩባንያ በጣና ላይ ግድብ እንዲሠራ ተነጋገሩ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የኩባንያው መሐንዲሶች የሐይቁን መውጫ ለክተው አጠኑ። ዳንግላ የተቀመጠው የእንግሊዝ ቆንስል ሜጀር ቺዝማንም በዚያ ዘመን ሐይቁንና የዓባይን ሸለቆ ተዘዋውሮ በካርታ አሰፈረ።

ግድቡ አልተሠራም፤ ወረራው ቀደመው። በስታራቼ የተመራው የጣሊያን ጦር ጎንደርን ከያዘ በኋላ ሚያዝያ 1928 ባሕር ዳር ገባ። ጣሊያኖች በዳርቻው ሠፈሩ፣ የጀልባ ማረፊያና የአውሮፕላን ሜዳ አበጁ። ከዚህ ተነሥተው ዘመናዊቷን ባሕር ዳር የጀመሯት ጣሊያኖች ናቸው የሚሉ አሉ። የተሠራውን መካድ አይገባም፤ ነገር ግን የተሠራው የጦር ሠፈር ነበር። በላይ ዘለቀና ሌሎች የጎጃም አርበኞች ገጠሩን በያዙበት ሁኔታ ወራሪው ከምሽጉ ርቆ ከተማ ሊያቀና አይችልም ነበር፤ በ1933 ሲወጣም በባሕር ዳር ፋብሪካም ሆነ ትምህርት ቤት ብሎ የሚቆጠር ነገር አላቆመም። ጣሊያን ለከተማዋ የሰጠችው ትልቁ ነገር የመጣው ከተሸነፈች በኋላ፣ በካሣ መልክ ነው።

ድልድይ፣ መብራት፣ ፋብሪካ፦ 1933–1966

መዲናዋ የተሠራችው በዚህ ዘመን ነውና እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማየት ይገባል። በ1947 እ.ኤ.አ. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተወሰነ። ከካሣው ገንዘብ የቆቃ ግድብና የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተሠሩ። ፋብሪካው በ1953 ሥራ ጀመረ። ፋብሪካ ኃይል ይሻልና በ1956 የጢስ ዓባይ ቁጥር አንድ የኤሌክትሪክ ጣቢያ 11.4 ሜጋ ዋት ይዞ ተከተለ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓባይ ላይ ድልድይ ተዘርግቶ ጎጃምንና ጎንደርን በመኪና አገናኘ። በ1955 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊ ቴክኒክ ተቋም ተከፈተ። ጀርመናዊው የከተማ ፕላን ሊቅ ማክስ ጉተርም የከተማዋን ማስተር ፕላን ነደፉ፤ ዛሬ እንግዳ የሚያደንቀው ሰፊ ጎዳና የዚያ ዘመን ሐሳብ ፍሬ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በቤዛዊት ኮረብታ ዓባይን ቁልቁል የሚያይ ቤተ መንግሥት አሠሩ። የአገሪቱን ዋና ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የማዛወር ሐሳብ እንደነበራቸውም በሰፊው ይነገራል። በዘመኑ ማብቂያ፣ በ1965፣ የመምህራን መምህራንን የሚያፈራው የፔዳጎጂ አካዳሚ ተጨመረ።

ከአሥር ዓመት ብዙም ባልዘለለ ጊዜ ውስጥ ይህ ሁሉ በአንዲት ትንሽ ከተማ ላይ ለምን ወረደ? የቦታው ልምላሜ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ግን አይመስለኝም። የዓመቶቹን ቅደም ተከተል እንመልከት። በ1952 ግብፅና ሱዳን የዓባይን ውኃ 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ አድርገው ተከፋፈሉ፤ ኢትዮጵያን አልጋበዟትም። በዚያው ሰሞን የአስዋን ታላቁ ግድብ ግንባታ ተጀመረ። ኢትዮጵያ በበኩሏ የአሜሪካ መልሶ ማልማት ቢሮን ጠርታ ከ1950 እስከ 1956 የዓባይን ተፋሰስ አስጠናች። ከዚያ ጥናት የተጠቆመው የድንበር ግድብ ሥፍራ ኋላ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መነሻ ሆኗል። በውል ከውኃው የተገለለች አገር በውኃው አፍ ላይ ፋብሪካ፣ ተርባይንና የቴክኒክ ትምህርት ቤት ስትተክል፣ ለእኔ ይህ የባለቤትነት ቃል ነው፤ የተነገረውም በሲሚንቶና በብረት ነው።

ይህን አነጋገር የማይቀበል ሰው መቃወሚያ አለው። 11.4 ሜጋ ዋት ለግብፅ ምን ያስፈራታል? ፋብሪካውስ ጨርቅ ለማምረት እንጂ ለዲፕሎማሲ ነው የተሠራው? መቃወሚያው ግማሹን ያህል ትክክል ነው። ጣቢያው ከዓባይ ውኃ የቀነሰው ነገር የለም፤ ተርባይኑን መትቶ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ነገር ግን የአዲስ አበባን ገበያ ለማልበስ ብቻ ቢሆን ፋብሪካው ለባቡር በሚቀርብ ቦታ ይተከል ነበር። ከጅቡቲ መስመር ይህን ያህል የራቀ ቦታ የተመረጠው ጥጥ ማጓጓዝ ስለቀለለ አይደለም። ኃይል የሚያመነጨው ውኃ በአጠገብ ስለነበር፣ ውኃውም የዓባይ ስለነበር ነው።

ሥራው ባለጉዳይን፣ ባለጉዳዩም ገበያን አመጣ። ከገጠር የመጣ የጎጃም፣ የጎንደርና የወሎ ሰው በአንድ ፈረቃ ጎን ለጎን ቆሞ ክር ፈተለ። ከተማዋ የአንድ ጠቅላይ ግዛት መሳፍንት መናገሻ ሆና አለማወቋ ኋላ ጠቀማት።

በደርግ ዘመን፦ 1966–1983

ደርግ የባሕር ዳርን አቅጣጫ አልቀየረም። በ1976 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከተማዋ 54,800 ያህል ነዋሪ ነበራት። በ1980 የሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ አስተዳደር ሲደራጅ ጎጃም ተከፋፈለ፣ ባሕር ዳርም የምዕራብ ጎጃም ዋና ከተማ ሆነች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከደብረ ማርቆስ እኩል ቆመች ማለት ነው። በዘመኑ ከደረሰው ረሃብ በኋላ በፓዌ የሠፈራ ጣቢያ ላይ የተመሠረተው የጣና በለስ ፕሮጀክትም በጣሊያን ገንዘብ ተጀመረ፤ የሐይቁን ውኃ ወደ በለስ የማሻገር ሐሳብ ግን ሳይፈጸም ቆየ። የካቲት 1983 የኢሕአዴግ ጦር ከተማዋን ያዘ።

አዋጁና ተቃውሞው፦ 1984–1992

ጥር 1984 የወጣው አዋጅ ቁጥር 7 አገሪቱን በ14 ክልሎች ሲከፍል ክልል ሦስት ጎጃምን፣ ጎንደርን፣ ሰሜን ሸዋንና የወሎን ሰፊ ክፍል አንድ አደረገ። በክልሉ ውስጥ የአዊ፣ የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደሮችም ተካተቱ። መዲናው ባሕር ዳር ሆነ። ጎንደሬው ታሪክን፣ የደብረ ማርቆስ ሰው የአስተዳደር ልምድን፣ የደሴ ሰው ደግሞ ርቀትን አንሥቶ ቢከራከር ሐቅ ነበረው። ከኮምቦልቻ ወይም ከደብረ ብርሃን ለሚነሣ ባለጉዳይ ባሕር ዳር ዛሬም ሩቅ ናት፤ ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው።

ምርጫው የፖለቲካ ስሌት ብቻ ነበር የሚለውን ግን ማስረጃው አይደግፈውም። ታሪክ መመዘኛ ቢሆን ጎንደር ታሸንፍ ነበር፤ ሆኖም የጎንደር መመረጥ ጎጃምን፣ የደብረ ማርቆስ መመረጥ ጎንደርን ያስከፋ ነበር። ባሕር ዳር በሁለቱ መካከል፣ በድልድዩ ላይ ነበረች። ዋናው ግን ይህም አይደለም። አዲስ መንግሥት ቢሮ፣ መብራት፣ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ የተማረ ሰው የሚያፈሩ ተቋማትና የሚሰፋ ቦታ ያስፈልገዋል፤ እነዚህ ሁሉ በ1950ዎቹ በአንድ ቦታ ተከማችተው ቆይተዋል። የሕዝቡ ቁጥር በ1987 ቆጠራ 96,140፣ በ1999 ደግሞ 180,174 ደረሰ። በ1992 ፖሊ ቴክኒኩና ቀድሞ የፔዳጎጂ አካዳሚ የነበረው የመምህራን ኮሌጅ ተዋሕደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ይህ ዩኒቨርሲቲ ከሁለቱ የንጉሡ ዘመን ተቋማት መወለዱ የክርክሩን ነገር በአጭር ያሳያል።

የውኃው ሒሳብ፦ ከ1988 ወዲህ

ከተማዋን ያሳደገው ውኃ በዚህ ዘመን ዋጋ መጠየቅ ጀመረ። በ1988 በሐይቁ መውጫ በጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ፤ ጣና በሰው እጅ የሚከፈትና የሚዘጋ ማጠራቀሚያ ሆነ። በ1993 የጢስ ዓባይ ቁጥር ሁለት ጣቢያ 73 ሜጋ ዋት ይዞ ሲጨመር በበጋ ወራት ፏፏቴው ቀጥኖ የሚታይባቸው ጊዜያት በዙ፤ በ1995ቱ ድርቅ ደግሞ የሐይቁ ከፍታ እጅግ ወረደ። ግንቦት 2002 የጣና በለስ ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ውኃውን በዋሻ ወደ በለስ አሻገረ፤ የአሮጌው ሐሳብ ፍጻሜ ነው። ጥቂት ሳይቆይ እምቦጭ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ታየና የዓሣ አጥማጁን መረብና የገበሬውን ዳርቻ ወረረ። ሰኔ 2007 ዩኔስኮ ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዘገበ። ምዝገባው እምቦጩንም ሆነ ከተራቆተው ተራራ በየክረምቱ የሚወርደውን ደለል አላስቆመም።

ለልማት የተከፈለ ዋጋ ነው የሚል መልስ ይሰጣል፤ መብራትን የሚንቅ ሰውም የለም። ነገር ግን ዋጋውን ማን ከፈለ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ደንገሉ እየተመነጠረ ዳርቻው ለሆቴልና ለመናፈሻ ሲከለል መሬቱን ያጡት ወይጦዎች ናቸው፤ ፏፏቴው ሲቀጥን ገቢው የቀረበት የጢስ ዓባይ አስጎብኚ ነው፤ እምቦጩን በእጁ የነቀለው የፎገራና የደንቢያ ገበሬ ነው። የከተማዋ ጥቅም ለክልሉ ሁሉ ደርሷል፤ ሸክሙ ግን በዳርቻው ሰዎች ላይ ቀርቷል።

ግንቦት 2016 በዓባይ ላይ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ድልድይ ተመረቀ። የ1950ዎቹን ድልድይ የሚተካው ይህ ሥራ የተመረቀው ክልሉ በጦርነት ውስጥ እያለ ነው። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ ጳጉሜን 2017 ተመርቋል፤ በ1894ቱ ውል የተጀመረው ጭቅጭቅ በኢትዮጵያ ወገን በተግባር መልስ አገኘ። የሐይቁ ጉዳይ ግን ገና መልስ አላገኘም። የክልሉ መንግሥትና የዩኒቨርሲቲው ምሁራን ከጨረጨራና ከበለስ የሚለቀቀውን የውኃ መጠን በየወሩ ለሕዝብ ቢያስታውቁ፣ የዳርቻው ነዋሪዎችም ወይጦዎችን ጨምሮ በውሳኔው ድምፅ ቢኖራቸው፣ የመጀመሪያው ተገቢ እርምጃ ይሆናል። ይህ እርምጃ ግድብ የመሥራትን ያህል ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዛሬም ሊጀመር ይችላል።